የናቫሆ አሸዋ ድንጋይ ሰያፍ መስመሮች

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ በዛየን ብሔራዊ ፓርክ፣ የናቫሆ አሸዋ ድንጋይ ገደል ላይ ያሉት ሰያፍ መስመሮች በመሬት መንቀጥቀጥ ያዘነበሉ ናቸው? ዝናብ ከጣለ በኋላ አትውጡበት የሚባለውስ ለምንድን ነው?

መልስ፦ መንቀጥቀጥ አይደለም፤ የነፋስ ሥራ ነው። ይህ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን፣ ከ180 ሚሊዮን ዓመት በፊት ግድም፣ ሰፊ የበረሃ አሸዋ ነበር። ነፋሱ አሸዋውን በክምሩ ለስላሳ ዳገት ገፍቶ ጫፍ ያደርሰዋል። በማዶው በኩል ያለው ቁልቁለት 34 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ አሸዋው ይናዳል፤ እያንዳንዱ ናዳ አንድ ስስ ንጣፍ ይተዋል። ተከታዩ ክምር ሲመጣ የቀደመውን አናት ቆርጦ ያልፋል፤ አግድም የሚታየው መስመር ያ ነው። ስለዚህ ንጣፎቹ የሚያዘቀዝቁበት አቅጣጫ ነፋሱ ይነፍስ የነበረበት አቅጣጫ ነው። አንድ ነገር ግን አያምታታዎ፦ በዚያው ፓርክ ቼከርቦርድ ሜሳ በተባለው ኮረብታ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱት መስመሮች ንጣፍ ሳይሆኑ ስንጥቆች ናቸው።

አሥር እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ ሲያዩት ኳርትዝ የተባለው ማዕድን ቅንጣቶች የተድቦለቦሉና መጠናቸው ተቀራራቢ ነው። ቀዩ ቀለም ቅንጣቶቹን የሸፈነ ስስ የብረት ዝገት ነው።

መውጣትን በተመለከተ፣ ቅንጣቶቹን ያያያዘው ማጣበቂያ ውሃ ሲገባው ይላላል፤ መጨበጫው እጅ ላይ ይሰበራል። ላዩ ቶሎ ቢደርቅም ውስጡ እርጥብ ሊሆን ስለሚችል ከ24 እስከ 72 ሰዓት ይታገሡ። ከገደሉ ሥር ያለውን አሸዋ ጥቂት ይቆፍሩ፤ እርጥበት ካገኙ አይውጡ።