የኋላ ሾክ ጥያቄዎች፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ተማክረው የመጡ ይመስላሉ። ሁሉም ስለ አሮጌ ማውንቴን ባይክ፣ ሁሉም ስለ ኋላ ሾክ፣ ማለትም የኋላ ጎማው ሲመታ ንዝረቱን ስለሚውጠው ክፍል። ግማሾቹ ጠያቂዎች አዲስ ለመግዛት ወስነው ጨርሰዋል። እስቲ ረጋ እንበል። "አለቀለት" ከሚባሉት ሾኮች ብዙዎቹ የሚፈልጉት አንዲት ትንሽ ዕቃ ወይም አንድ ደህና ሰርቪስ ነው።

ጥያቄ፦ ብስክሌቴ ዐሥር ዓመት አልፎታል። ጉድጓድ በገባሁ ቁጥር ከኋላ "ቋ" ይላል። ሾኩ ሞቷል ማለት ነው?

መልስ፦ የሞተ ሾክ ብዙ ጊዜ ቋ አይልም። ቋ የሚለው የላላ ነገር ነው። ብስክሌቱን በሁለት ጎማው ያቁሙትና ኮርቻውን ይዘው በጣም ቀስ እያሉ ወደ ላይ ሳብ፣ ለቀቅ ያድርጉት። ጎማው ከመሬት መነሣት የለበትም። የሌላውን እጅ አንድ ጣት ሾኩ ከፍሬሙ ጋር የታሰረበት ቦታ ላይ ያሳርፉ፤ የጣትዎ ግማሽ ሾኩ ላይ፣ ግማሹ ፍሬሙ ላይ ይሁን። ሁለቱ አብረው ካልተንቀሳቀሱ ጣትዎ ወዲያው ያውቀዋል። የላይኛውን ጫፍ ከሞከሩ በኋላ የታችኛውንም ይሞክሩ።

ክፍተት ከተሰማዎ መጀመሪያ ቡሎኑ መጥበቁን ይዩ። ጠብቆም የሚጫወት ከሆነ የተበላው ሾኩ ቀዳዳ ውስጥ ያለው፣ ቡሽንግ የሚባለው ቀለበት ነው። ቡሽንግ ሊበላ የተሠራ ዕቃ ነው፤ ዋጋውም ከሾክ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ለመግዛት ሲሄዱ የሾኩን ቀዳዳ ስፋት፣ የቡሎኑን ውፍረትና ሾኩ የሚገባበትን የፍሬም ወርድ ለክተው ይሂዱ። 22.2 በ8 ሚሊ ሜትር ከተባለ ወርዱ 22.2፣ ቡሎኑ 8 ማለት ነው። አሮጌውን በመዶሻ ለማውጣት አይሞክሩ፣ አደራ። ሞርሳ ላይ ታስሮ ቀስ ተብሎ እየተገፋ ነው የሚወጣው። ቀዳዳው ተመትቶ ክብነቱን ካጣ አዲስ ቡሽንግ አጥብቆ አይይዝም።

ሾኩ ዘንድ ምንም ካላገኙ የኋላውን ጎማ ይዘው ግራና ቀኝ ይወዝውዙት። እዚያ የሚጫወት ነገር ካለ ጥፋቱ የፍሬሙ መገጣጠሚያዎች ላይ ያሉት ኩሽኔታዎች ነው። ኩሽኔታው ተበልቶ ሳለ አዲስ ሾክ ቢገጥሙ፣ አዲሱም ወደ ጎን እየተጠመዘዘ ዕድሜው ያጥራል።

ጥያቄ፦ የእኔ የአየር ሾክ ነው። ዛሬ ነፍቼው ከሦስት ቀን በኋላ ይረግባል። እቤት ልፈታው እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፣ ግን በመጀመሪያ በእርግጥ እየፈሰሰ መሆኑን ይወቁ። የሾክ መንፊያ በተገጠመ ቁጥር ከሾኩ ጥቂት አየር ወደ ቱቦው ይገባል። ስለዚህ ትናንት 180 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የሞሉት ዛሬ ሲለካ 160 ቢያሳይ ላይገርም ይችላል። መንፊያው ሲነቀል "ፍስስ" የሚለውም የቱቦው አየር ነው። ብዙ ሰው በዚህ ብቻ ደንግጦ ሾክ ቀይሯል።

ከዚያ የሳሙና ውኃ ያዘጋጁ። ቫልቩ ላይ ጠብ ያድርጉና አረፋ ይጠብቁ። አረፋ ካወጣ የቫልቩን ውስጠኛ ክፍል ማጥበቅ ወይም መቀየር ሊበቃ ይችላል። ቫልቩ ደህና ከሆነ ተጠርጣሪዎቹ የአየር ክፍሉ ጎሚኒዎች ናቸው። እነሱን መቀየር ደግሞ በየጊዜው የሚደረግ መደበኛ ሥራ ነው። የሾክ አምራቹ ሮክሾክስ የአየር ክፍሉ በየ50 ሰዓቱ፣ ጠቅላላው ሾክ በየ200 ሰዓቱ ሰርቪስ ይደረግ ይላል። ሌላው አምራች ፎክስ ደግሞ በ125 ሰዓት ወይም በዓመት አንዴ፣ የቀደመው ሲደርስ። አሮጌ ብስክሌት ገዝተው ሾኩ መቼ እንደተከፈተ የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ ጊዜው አልፏል ብለው ይነሡ።

ሥራው ከባድ አይደለም። ሾኩን ከፍሬሙ ያውርዱ። አየሩን በሙሉ ያስወጡ፤ እያስወጡ ሾኩን ጫን፣ ለቀቅ ያድርጉት፣ በሁለቱም ክፍል፣ በዋናውና ሾኩን ወደ ውስጥ በሚስበው "ኔጌቲቭ" ክፍል፣ ያለው እንዲወጣ። የአየር ሲሊንደሩን በእጅ ይፍቱት፤ እምቢ ካለ በላስቲክ ይያዙት እንጂ በብረት ፒንሳ አይነክሱት። በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል ያጽዱ። ለሾኩ ሞዴል የተሠራውን የጎሚኒ ስብስብ ይግጠሙ፣ ለሾክ የተሠራ ግራሶ በስሱ ይቀቡ፣ ይዝጉ። ክፍት ሳለ አንድ ነገር አይርሱ፦ የሚያብረቀርቀውን ዘንግ ከላይ እስከ ታች በጥፍርዎ ይዳብሱት። ጥፍርዎን የሚይዝ ጭረት ካለ አዲሱን ጎሚኒም ይቆርጠዋልና ድካምዎ ከንቱ ነው።

አሁን ማስጠንቀቂያዬን ልብ ብለው ያንብቡ። አየሩን ሁሉ አውጥተው፣ ሾኩ ግን እንደታመቀ ቀርቶ ወደ ቁመቱ አልመለስ ካለ፣ አይክፈቱት። የውስጥ ጎሚኒው አየር አሳልፎ፣ አየሩ በኔጌቲቩ ክፍል ታምቆ ይሆናል። ቫልቩ ባዶ ነው ማለት ሾኩ ባዶ ነው ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ሾክ ሲፈታ ክፍሎቹ ተወርውረው ሰው ሊጎዱ ይችላሉ። ለባለሙያ ይስጡት፣ ሲሰጡም ምን እንደሆነ ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ሾኬ ሲታመቅ በውስጡ ውኃ ያለ ይመስል ይንቦጫረቃል። ከጉብታ በኋላ ደግሞ ወደ ላይ ያስፈነጥረኛል።

መልስ፦ ይሄ ዳምፐሩ፣ ማለትም የሾኩን እንቅስቃሴ በዘይት የሚያዘገየው ክፍል ነው። ዘይትና ጋዝ ተቀላቅለዋል። ለማረጋገጥ የሪባውንድ ማስተካከያዋን (ሾኩ የሚመለስበትን ፍጥነት የምትወስነውን) እስከ መጨረሻ ይዝጉ፣ ኮርቻውን ተጭነው ይልቀቁ። ከዚያ እስከ መጨረሻ ይክፈቱና ይድገሙት። በጤነኛ ሾክ ልዩነቱ በዓይን ይታያል፤ አንዱ እየተጎተተ ይመለሳል፣ ሌላው ዘሎ ይመለሳል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ የጓዳ ሥራ አይደለም። ብዙዎቹ ዳምፐሮች በከፍተኛ ግፊት ናይትሮጅን ስለሚሞሉ ልዩ መሣሪያ ይጠይቃሉ። ዘንጉ ላይ የሚታይ ስስ የዘይት ወዝ ግን ጤናማ ነው፣ አያስጨንቅዎ። የሚንጠባጠበው ነው የሚያሳስበው።

ጥያቄ፦ የእኔ 200 በ57 ነው። 210 በ55 የሆነ፣ ምንም ያልተነካ ሾክ አግኝቻለሁ። 10 ሚሊ ሜትር ምን ያመጣል?

መልስ፦ ብዙ ያመጣል። የመጀመሪያው ቁጥር ከቀዳዳ መሀል እስከ ቀዳዳ መሀል ያለው ቁመት ነው። ሁለተኛው ስትሮክ፣ ማለትም ሾኩ የሚታመቅበት ርቀት። የብስክሌትዎ የኋላ ጎማ 140 ሚሊ ሜትር የሚጓዝ ቢሆን፣ 140ን ለ57 ሲያካፍሉ 2.5 ገደማ ይመጣል። ሾኩ አንድ ሲንቀሳቀስ ጎማው ሁለት ተኩል ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። ስለዚህ 10 ሚሊ ሜትር የረዘመ ሾክ የብስክሌቱን ኋላ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ያነሣዋል። ፔዳሉ ከፍ ይላል፣ ክብደትዎ ወደ መሪው ይደፋል፣ ቁልቁለት ላይ መሪው ይቅበጠበጣል። በሾኩ ዋጋ መርከስ ያገኙት ደስታ እዚያው ቁልቁለት ላይ ያልቃል።

ይህ የቁጥር ግርግር የመጣው አሮጌዎቹ ልኮች በኢንች የተሠሩ ስለነበሩ ነው። 200 በ57 የ7.875 በ2.25 ኢንች ሌላ ስሙ ነው። 216 በ63 እና 222 በ70 የሚባሉትም እንዲሁ የኢንች ልጆች ናቸው። 210 በ55 ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ከመጣው የሜትሪክ ልክ ወገን ነው። አንዳንድ አምራቾች የድሮውን ልክ አሁንም ስለሚያወጡ ትክክለኛውን ይፈልጉ።

በቁመት አይደራደሩ። በስትሮክ በኩል ወደ ታች መውረድ ይቻላል፦ 200 በ51 ቢገጥሙ ጎማው የሚጓዘው ወደ 125 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል እንጂ የሚጋጭ ነገር የለም። ከ57 በላይ መውጣት ግን ጎማውን ከፍሬሙ ጋር ሊያላትመው ይችላል። ባለ ተጨማሪ ጋን (ከጎኑ የዘይትና የጋዝ ማጠራቀሚያ ያለው) ሾክ ከመረጡ ደግሞ አየሩን አስወጥተው፣ እስከ መጨረሻ አምቀው፣ ጋኑ ፍሬሙን እንደማይነካ ሳያዩ አይውጡበት።

ጥያቄ፦ ባለ ሞላ ሾክ አለኝ። ስቀመጥበት በጣም ስለሚወርድ ቀለበቱን አምስት ዙር አጠበቅኩት። ልክ ነኝ?

መልስ፦ አይደሉም። ቀለበቱ ሞላውን ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ለመያዝ ነው፣ አንድ ወይም ሁለት ዙር ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ሞላው ለእርስዎ ክብደት ለስላሳ ነው፣ ይቀይሩት። በላዩ 450 በ2.75 የሚል ካለ፣ አንድ ኢንች ለማመቅ 450 ፓውንድ ኃይል ይፈልጋል፣ እስከ 2.75 ኢንችም ይታመቃል ማለት ነው። ሁለተኛው ቁጥር ከሾኩ ስትሮክ ማነስ የለበትም።

ጥያቄ፦ የሾኬ ዓይነት መመረት አቁሟል፤ የትኛውም ሌላ ሾክ አይገጥምለትም ተባልኩ። እውነት ነው?

መልስ፦ አንዳንዴ እውነት ነው። የቀድሞዎቹ ስኮት ጂኒየስና የ2011ዱ ካነንዴል ጄኪል የተባሉት ብስክሌቶች ሲታመቁ ሳይሆን ሲጎተቱ የሚሠሩ ሾኮች ነበሯቸው። ለእነዚህ የተለመደው ሾክ አይሆንም። የእርስዎ ከነዚህ ወገን ከሆነ ያለዎትን ሾክ ማስጠገን ነው ያለው፤ እኔ ብሆን ዘንጉ ሳይጫር አሁኑኑ አስጠግነዋለሁ። ግን ለሱ ከመክፈልዎ በፊት ፍሬሙን አጥበው ብየዳዎቹንና የሾኩን መያዣ በባትሪ ብርሃን ይመርምሩ። ስንጥቅ ካለ ለሾኩ የሚወጣው ገንዘብ ለሌላ ፍሬም ይሁን።

ጥያቄ፦ ከሰርቪስ በኋላ ስንት አየር ልሙላ?

መልስ፦ የጓደኛዎን ቁጥር አይቅዱ። የሚለብሱትንና የሚሸከሙትን ሁሉ ይዘው ይቀመጡ፣ ዘንጉ ላይ ያለችውን የላስቲክ ቀለበት እስከ ጎሚኒው ይግፏት፣ ሳይነጥሩ ይውረዱ። ቀለበቷ የሄደችው ከስትሮኩ ከ25 እስከ 30 በመቶ መሆን አለበት፤ ለ57ቱ ከ14 እስከ 17 ሚሊ ሜትር። ካለፈ አየር ይጨምሩ፣ ካነሰ ይቀንሱ። ሾኩ ላይ ከታተመው የመጨረሻ ግፊት ግን አይለፉ፣ የጎማ መንፊያም አይጠቀሙ።