የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ለሬዲዮ ዝግጅታችን ምን ዓይነት ጂንግል እንሥራ?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር «የሐሙስ ገበያ» የሚል የግማሽ ሰዓት ሳምንታዊ ዝግጅት አሰናድተን ከአንድ የኤፍኤም ጣቢያ የአየር ሰዓት አግኝተናል። ዝግጅቱ ቡና፣ ማርና እህል ይዘው ገበያ ለሚወጡ አርሶ አደሮችና ለነጋዴዎች በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚቀርብ ነው። ለመግቢያ የሚሆን ጂንግል (የዝግጅቱን ስም የሚያስተዋውቅ አጭር መለያ ዜማ) ቤት ውስጥ ቀርጸን ብናስረክብም፣ የጣቢያው ቴክኒሻን «ረዝሟል፤ ቃሉም አይሰማም» ብሎ መለሰልን። ርዝመቱ 45 ሰከንድ ነው። ቡና ሲቆላ በሚሰማው ድምፅ ይጀምራል፤ ኪቦርድና ከበሮ ይከተላሉ፤ ጓደኛችን «ከጅማ ከተማ፣ የሐሙስ ገበያ» እያለ ይዘፍናል፤ በመጨረሻም የምንቀርብበት ሰዓትና የስልክ ቁጥራችን ይነገራል። ቅጂውን ልኬልዎታለሁ። ስንት ሰከንድ ይበቃል? ከታወቀ ዘፈን ጥቂት ሰከንድ ብንወስድስ ይከለከላል? ሁለቱን ቋንቋስ በአንድ ዜማ እንዴት እናስማማቸው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የላኩልንን ቅጂ መጀመሪያ በጆሮ ማዳመጫ፣ ቀጥሎም ሚሞሪ በምትቀበል ትንሽ የእጅ ሬዲዮ ደጋግሜ አዳምጬዋለሁ። ቴክኒሻኑ የሰጣችሁ አስተያየት ትክክል ነው፤ ሆኖም መርዘሙም ሆነ ቃሉ አለመሰማቱ ከአንድ ምንጭ የመጣ ይመስለኛል። ሙዚቃውን አስቀድማችሁ ሠርታችሁ ስሙን በኋላ ባገኛችሁት ክፍተት ውስጥ አስገባችሁት። መለያ ዜማ ግን መነሣት ያለበት የዝግጅቱ ስም በሰው አፍ ሲነገር ከሚሰማው አካሄድ ነው። ስለዚህ ኪቦርዱን ለጊዜው አስቀምጡትና ስሙን ጮክ ብላችሁ፣ ገበያ ውስጥ ሰው እንደምትጠሩ ሆናችሁ፣ ሃያ ጊዜ ያህል ጥሩት።

«የሐሙስ ገበያ» ስድስት ቀለም (ቃሉ ሲነገር የሚከፋፈልበት የድምፅ ክፍል) አለው፦ የ፣ ሐ፣ ሙስ፣ ገ፣ በ፣ ያ። ከእነዚህ መካከል «ሙስ» በሳድስ ስለሚዘጋ ከባድ ነው፤ የመጨረሻው «ያ» ደግሞ ራብዕ በመሆኑ አፍ ተከፍቶ የሚባል፣ ትንፋሽ እስካለ ድረስ ሊሳብ የሚችል ድምፅ ነው። በቅጂያችሁ ውስጥ ዘፋኙ የሳበው «ስ»ን ሲሆን፣ ሳድሱ ደግሞ ስለማይዘፈን በሬዲዮ የተሰማው ፉጨት ብቻ ነው፤ ሊሳብ የሚገባውን «ያ»ን ግን ትንፋሽ አጥሮት ዋጠው። ቃሉ ያልተሰማው በዚህ ምክንያት እንጂ በማይክራፎኑ ጥራት ማነስ አይደለም።

ማጥበቅና ማላላትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። «ጅማ» ሲባል «ማ» ይጠብቃል፤ ዘፋኙ «ጅ»ን አርዝሞ «ማ»ን ስላላላው የከተማችሁ ስም ሌላ ቃል መስሎ ተሰማኝ። ይህን አጥብቄ የማነሣው እኔም በሥራዬ ላይ ስለደረሰብኝ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ ጣቢያ ለወጣቶች ዝግጅት የሠራነው መለያ ዜማ «ገና» የሚል ቃል ነበረበት፤ ትርጉሙም «እስካሁን» ማለት ነበር። ዜማው ግን «ና» ላይ ምት ስለጣለ ዘፋኟ አጠበቀችው፤ ሐምሌ ላይ የልደት በዓል ዝግጅት የጀመርን ያህል ሆኖ ይሰማ ጀመር። ቃሉን መለወጥ ስላልቻልን ዜማውን እንደገና ለመሥራት ተገደድን። ስለዚህ ምቱ የሚያርፍበትን ቦታ ከመወሰናችሁ በፊት የሚጠብቁትን ፊደላት በወረቀት ላይ አስምሩባቸው።

ዜማውን በተመለከተ ትዝታ ሜጀር የተባለውን ቅኝት (የዜማ ድምፆች አሰላለፍ) እመክራለሁ፤ አምስቱ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ ናቸው። ይህ ቅኝት በዝግታ ሲሄድ ናፍቆት ቢያሳድርም፣ ፈጠን ባለ ምት ሲጫወቱት ብሩህ ነው፤ ክራር ለሚያውቅ ሰውም ለማግኘት አያስቸግርም። ለምሳሌ «የ»ን በታችኛው ሶ፣ «ሐ»ን በዶ፣ «ሙስ»ን ጥቂት ረዘም አድርጋችሁ በሚ፣ «ገ»ን በሬ፣ «በ»ን በሚ፣ «ያ»ን ወደ ላይኛው ሶ ወጥታችሁ ብትይዙት፣ ዜማው ያልተቋጨ፣ ቀጣዩን የሚያስጠብቅ ሆኖ ይቀራል፤ ይህም ለመግቢያ ይስማማል። ለመሰነባበቻ ደግሞ «ገ» እና «በ» በሬ ላይ ቆይተው «ያ» ወደ ዶ ቢወርድ፣ አድማጩ ዝግጅቱ ማለቁን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ይህ ምሳሌ ብቻ ነው፤ ከእናንተ አንደበት የተሻለ ሊወጣ ይችላል።

ሁለቱን ቋንቋዎች ስለማስማማት ላነሡት ጥያቄ መልሱን ሳገኘው እጅግ ደስ ብሎኛል። በአፋን ኦሮሞ የሐሙስ ገበያ «ጋባ ከሚሳ» ይባላል፤ ቀለሞቹ ጋ፣ ባ፣ ከ፣ ሚ፣ ሳ አምስት ናቸው። ከአማርኛው የመጀመሪያውን «የ» ብታነሡለት የሚቀሩትም አምስት ናቸው። ከዚህ የበለጠው ነገር የክብደታቸው መመሳሰል ነው፦ በአማርኛው ሁለተኛ ቦታ ላይ ያለው «ሙስ» ከባድ እንደሆነ ሁሉ በአፋን ኦሮሞው በዚያው ቦታ ያለው «ባ» ረጅም ነው፤ የአማርኛው መጨረሻ «ያ» እንደሚሳብ ሁሉ «ሳ»ም ይረዝማል። እንግዲህ «የ» ከምቱ በፊት የምትገባ መነሻ ድምፅ ትሁን፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዜማ አንዲት ድምፅ ሳይለወጥ ሁለቱንም ቋንቋ ይሸከማል። አንዱ ይጥራ፣ ሌላው ይመልስ፤ አንዱ የሌላው ትርጉም መስሎ መሰማት የለበትም። የዘፋኞቹም አፍ መፍቻ እንደየቋንቋው ቢሆን ይመረጣል፤ የጅማ አድማጭ የተበላሸን አናባቢ ወዲያው ይለያል።

ስሙን በዚህ መልክ ከያዛችሁት የርዝመቱ ነገር ራሱ ይፈታል። አሁን ያላችሁ 45 ሰከንድ በመግቢያ፣ በመሸጋገሪያ ሁለት ጊዜ እና በመሰነባበቻ ቢደመጥ 3 ደቂቃ ይሆናል፤ ይህም ከ30 ደቂቃው አንድ አሥረኛ ነው። ለመግቢያ ከ10 እስከ 12 ሰከንድ፣ ለመሸጋገሪያ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ይበቃል። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ፍጥነት 8 ሰከንድ ውስጥ 16 ምት አለ፤ በዚያ ውስጥ ስሙን በሁለቱም ቋንቋ ጠርታችሁ ለክራሩ ቦታ ይተርፋችኋል። ኤንቢሲ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ ለብዙ አሥርት ዓመታት የታወቀው በሦስት የደወል ድምፆች ሲሆን፣ እነዚያኑ ሦስት ድምፆች እ.ኤ.አ. በ1950 በንግድ ምልክትነት አስመዝግቧል። ሰዓቱንና የስልክ ቁጥሩን ከጂንግሉ አውጡ። የአየር ሰዓታችሁ ቢለወጥ ዘፈኑን እንደገና ከመቅረጽ አቅራቢው በየሳምንቱ ቢናገረው ይሻላል።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ። ቡና ሲቆላ የሚሰማው ድምፅ ቤት ውስጥ የሚማርከው ሽታውና ጭሱ አብረውት ስላሉ ነው። በሬዲዮ ግን የቀረው ሽሽታ ብቻ ስለሆነ፣ በተለይ ዝግጅቱ ሲጀመር፣ አድማጩ ጣቢያው የጠፋበት መስሎት መቃኛውን ይነካካል። እኔም ቅጂያችሁን በትንሿ ሬዲዮ ሳዳምጥ መጀመሪያ እጄ ወደ መቃኛው ሄዶ ነበር። ከቡና ሥርዓት ለሬዲዮ የሚሆነው ድምፅ የሙቀጫው ነው። ዘነዘና ሙቀጫ ውስጥ ሲያርፍ መነሻውም መድረሻውም የሚታወቅ አጭር ድምፅ ይሰጣል፤ ሁለት ጊዜ ሲመታ ደግሞ ምት ይሆናል። ከበሮውን በተመለከተ ትልቁ ፊቱ የሚሰጠው ወፍራም ድምፅ በስልክና በትናንሽ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ አይወጣም፤ በትንሹ ፊት ላይ የሚመታው ቀጭን ድምፅ ግን ይሰማል። ስለዚህ ሙቀጫውን ሁለት ጊዜ፣ የከበሮውን ቀጭን ድምፅ አንድ ጊዜ አድርጋችሁ ክራሩን ከላይ ብታስቀምጡበት ኪቦርድ አያስፈልጋችሁም።

ስማችሁን የመረጣችሁበትንም ማስተዋል ሳላደንቅ አላልፍም። በጅማው ንጉሥ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (እ.ኤ.አ. 1878–1932) ነጋዴ ከሩቅ አገር የሚጎርፍበት የሂርማታ ገበያ የሚውለው ሐሙስ ነበርና፣ ስሙን የሚሰማ የጅማ ሽማግሌ ከእናንተ የበለጠ ያስታውሳል። ይህን ታሪክ ጂንግሉ ውስጥ ለማስረዳት አትሞክሩ፤ አንድ ሙሉ ዝግጅት ሊወጣው ይችላል።

ከታወቀ ዘፈን ስለመውሰድ፦ «ከዚህ ሰከንድ በታች ከሆነ ነጻ ነው» የሚለው ወሬ በየስቱዲዮው ቢነገርም፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ውስጥ እንዲህ ያለ የሰከንድ ልክ አልተቀመጠም። በአንድ ቅጂ ላይ የደራሲው፣ የዘፋኙና የአሳታሚው መብቶች ለየብቻቸው አሉ፤ የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ፈቃድ በጽሑፍ ካላገኛችሁ አትውሰዱ። ቅኝቶቹ ግን የማንም የግል ንብረት አይደሉም፤ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይም በአንቺሆዬ የራሳችሁን ዜማ ብትሠሩ ማንንም አታስፈቅዱም። ክራር ከሚጫወተው ወዳጃችሁና ከዘፋኞቹም ጋር፣ ጓደኛሞች ብትሆኑም፣ አገልግሎቱን የሚገልጽ አንድ ገጽ ውል ተፈራረሙ።

ስለ ቀረጻው ጥቂት ልበል። ክረምት በጅማ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ምንም ዓይነት ማይክራፎን አያድናችሁምና ዝናብ በሌለበት ማለዳ ቅረጹ። ልብስ በሞላበት ክፍል ውስጥ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ስቀሉ፤ ባዶ ግድግዳ ድምፁን እየመለሰ ቃሉን ያደበዝዛል። ዘፋኙ ከማይኩ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፤ «በ» ሲል ትንፋሹ በቀጥታ እንዳይመታው ማይኩን ወደ ጎን ዘንበል አድርጉት። ሲጮህ ቀዩ መብራት ከበራ ድምፁ ተሰብሯል፤ በኋላ አይጠገንምና እንደገና ቅረጹት። ሲያልቅ በዌቭ ፋይል አስቀምጡትና በፍላሽ አስረክቡ፤ በቴሌግራም መላክ ግድ ከሆነም በፋይል መልክ ይላክ እንጂ በድምፅ መልእክት አይሁን። ከማስረከባችሁ በፊት ደግሞ ግራና ቀኙን አንድ አድርጋችሁ በአንድ ድምፅ ማጉያ አዳምጡት፤ ብዙው አርሶ አደር የሚሰማው እንደዚያ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ በዚሁ በጅማ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተጠሪ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ለጠዋቱ ዝግጅት ጂንግል መሥራት ይፈልጋሉ፤ ሆኖም የሙዚቃ መሣሪያም ሆነ ገንዘብ የለንም። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ድምፅና እጅ ካላችሁ ይበቃችኋል። ጭብጨባ በሜዳ ላይ ከተተከለ ድምፅ ማጉያ በጣም ጥርት ብሎ የሚወጣ ድምፅ ነው። የክበቡን ስም በቀለም ከፋፍላችሁ፣ በሚጠብቀው ፊደል ላይ አጨብጭቡ፤ አንድ ልጅ ይጥራ፣ ሌሎቹ በኅብረት ይመልሱ። ስድስት ወይም ስምንት ልጆች በቂ ናቸው፤ ከዚያ ሲበዙ የአንዱ አፍ ከሌላው ስለሚዘገይ ቃሉ ይድበሰበሳል። ቀረጻውን በስልክ፣ ጥሪ እንዳያቋርጣችሁ ስልኩን በበረራ ሁኔታ (ኤርፕሌን ሞድ) ላይ አድርጋችሁ፣ ተማሪው ከወጣ በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አከናውኑት፤ መጻሕፍት የሞሉበት መደርደሪያ ማሚቶን ይቀንሳል። በማግስቱ ሰልፍ ላይ ስታሰሙት ከሜዳው ዳር ቆማችሁ የክበቡ ስም ሙሉ በሙሉ ይሰማ እንደሆነ አረጋግጡ፤ ካልተሰማ ዝግ አድርጋችሁ ድገሙት።