ያገለገለ ኮንትሮለር ገዝተህ ሶፍትዌሩ «ክፈል» ሲልህ

ኮንትሮለር ላፕቶፕ ላይ ያለውን የዲጄ ሶፍትዌር የምናዝበት ማሽን ነው። ሴራቶ ከእነዚህ ሶፍትዌሮች አንዱ ነው፤ ላይት ነጻው ነው፣ ፕሮ የሚከፈልበት። ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ አንድ ወጣት ዲጄ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦

«ሰላም ጋሼ። ያገለገለ ፓዮኒር ዲዲጄ-ኤስቢ3 ኮንትሮለር ገዛሁ። ሻጩ ሴራቶ ፕሮ አለው ብሎኝ ነበር። ላፕቶፔ ላይ ስሰካው ግን የሚከፈተው ላይት የሚባለው ነው። መቅጃው የለም፤ ፕሮ ከፈለግህ ክፈል ይለኛል። ክፍያው ደግሞ የወር አለ፣ አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ አለ፣ ስዊት የሚባል አለ፣ ተጨማሪ ፓክ አለ። የጓደኛዬ ኤፍኤልኤክስ4 ግን ያለ ምንም ክፍያ ይሠራል። ከሁለት ወር በኋላ የአክስቴ ልጅ ሰርግ አለብኝ። የቱን ልክፈል? ዘፈኑን ከስትሪሚንግ ባጫውትስ?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የባንክ ካርድህን ወደ ኪስህ መልስ። ማሽንህ ደህና ነው። ሰርጉም ገና ሁለት ወር አለው።

ዋጋ ከማየትህ በፊት አንድ ነገር እወቅ፦ ፈቃዱ የሚኖረው የት ነው? ማሽኑ ውስጥ ነው? የሆነ ሰው አካውንት ላይ ነው? ወይስ በየወሩ በሚቆረጠው ብር ላይ? ይሄን ካወቅህ የቀረው ግራ መጋባት ግማሹ ይጠፋል።

ከጓደኛህ እንጀምር። ዲዲጄ-ኤፍኤልኤክስ4 ፈቃዱን ይዞ የሚመጣ ማሽን ነው። በዩኤስቢ ሲሰካ ሬኮርድቦክስ የሚባለው ሌላው የዲጄ ሶፍትዌር ያውቀዋል፣ የማጫወቻውን ክፍል በነጻ ይከፍትለታል። ይሄን ሃርድዌር አንሎክ ይሉታል። ማሽኑን ሲነቅለው ይዘጋል፤ ማሽኑን ቢሸጠው ደግሞ ፈቃዱ ከማሽኑ ጋር ይሄዳል። ግን ያው ኤፍኤልኤክስ4 ሴራቶ ላይ ሲሰካ የሚከፈተው ላይት ነው፤ ፕሮ ከፈለገ እሱም ይከፍላል። አንድ ማሽን፣ በአንዱ ሶፍትዌር ነጻ፣ በሌላው በክፍያ። ስለዚህ ሰው «ይሄ ማሽን ነጻ ነው» ሲልህ «በየትኛው ሶፍትዌር?» ብለህ ጠይቀው።

ያንተ ኤስቢ3 ከፋብሪካ ሲወጣ የታሰበው ለሴራቶ ላይት ነው። ውስጡ የተቀመጠ የፕሮ ፈቃድ የለውም። ሻጩ አታሎህ ላይሆን ይችላል። እሱ ሲሰካው ፕሮ ይከፈትለት ነበር፤ የከፈለው በራሱ አካውንት ነዋ። ማሽኑን ሰጠህ፣ አካውንቱ ግን እሱ ጋ ቀረ። የይለፍ ቃሌን ልስጥህ ቢልህ እንዳትቀበል። በሆነ ቀን ይቀይረዋል፣ ያን ቀን ደግሞ አንተ መድረክ ላይ ትሆናለህ።

ስለ ኮድ ካርድም ላስጠንቅቅህ። አንዳንድ ዕቃ ሳጥኑ ውስጥ የሶፍትዌር ኮድ ይዞ ይመጣል። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ካርዱን ፎቶ አንስተው ይለጥፋሉ። አገር ቤት የስልክ ካርድ ፍቀህ ታውቅ የለ? እንደዚያው ነው። አንዴ ከተሞላ በኋላ ወረቀት ነው። ለእሱ ብለህ ሳንቲም አትጨምር።

አሁን ወደ ወርሃዊው ክፍያ። ትንሽ ስለሚመስል ነው ሰው የሚገባበት። ለምሳሌ በወር 12 ዶላር በዓመት 144 ነው፣ በሦስት ዓመት 432። ቨርቹዋል ዲጄ የሚባለውን ሶፍትዌር ብትወስድ የፕሮ ፈቃዱ ለዓመታት ሲሸጥ የቆየው በወር 19፣ አንዴ ለሚከፍል 299 ዶላር ነው። 299ን ለ19 አካፍለው፤ አስራ ስድስት ወር አይሞላም። ከዚያ በላይ ልትሠራበት ካሰብህ የወሩ ውድ ነው። በሌላ በኩል በዓመት ሦስት ሰርግ ብቻ ካለህ፣ ሥራ ባለህ ወር ከፍለህ ከዚያ ማቋረጥ ያዋጣል። እዚህ አሜሪካ የኛ ሰርግ በጋ ላይ ይበዛል፣ ክረምት ላይ ይቀዘቅዛል። ሥራ በሌለበት ወር ለምን ትከፍላለህ? ማቋረጥህን ግን ራስህ አረጋግጥ። ፕሮግራሙን ከላፕቶፑ ማጥፋት ክፍያውን አያቆመውም። የነጻ ሙከራም ቢሆን ካርድ ከጠየቀህ መቼ መቁረጥ እንደሚጀምር ስልክህ ላይ አስታዋሽ አድርግ።

የወር ክፍያ ሌላ ጣጣም አለው። እኔ ላይ ደርሷል። ቨርጂኒያ ውስጥ ምድር ቤት ያለ አዳራሽ ነበር። ባንኬ አዲስ ካርድ ልኮልኝ የድሮው ተዘግቶ ኖሯል። ክፍያው አላለፈም፣ እኔም ኢሜይሉን አላየሁትም። ድምፁን ከሰዓት ሞክሬ ጨርሻለሁ። ማታ ላፕቶፑን አጥፍቼ ስከፍተው «ግባ» ብሎ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ዋይፋይ የለም፣ ስልኬ ላይ አንድ መስመር እንኳን ኔትወርክ የለም። ሙሽሮቹ በር ላይ ደርሰዋል፣ እልልታው ጀምሯል። ላፕቶፑን ታቅፌ ደረጃውን ወጥቼ መኪና ማቆሚያው ላይ ከስልኬ ኢንተርኔት አገናኘሁት። እስክመለስ የሙሽራዋ ወንድም ስልኩን በገመድ ሚክሰሩ ላይ ሰክቶ የመግቢያውን ዘፈን አጫወተ። መሃል ላይ ስልኩ ተደወለለት፤ ጥሪው በአዳራሹ ሁሉ ተሰማ። የሙሽራዋን እናት ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«አንዴ ከፍለህ ጨርስ» የሚለው ፈቃድም ገደብ አለው። ትራክተር ፕሮ 3 የሚባለውን የዲጄ ሶፍትዌር የገዙ ሰዎች በ2024 ፕሮ 4 ሲወጣ፣ አዲሱን ከፈለጉ እንደገና መክፈል ነበረባቸው። ሬኮርድቦክስ 5ን ገዝተው የነበሩት ደግሞ በ2020 ስድስተኛው ሲወጣ ወደ ወርሃዊ ክፍያ መሄዱን አዩ። አምስተኛው አልተወሰደባቸውም። ችግሩ ላፕቶፑ ነው። የድሮ ሶፍትዌር አዲስ ዊንዶውስ ወይም አዲስ ማክ ላይ ላይሠራ ይችላል። እኔ የሥራ ላፕቶፔን ሰርግ በሚበዛበት ወቅት አፕዴት አላደርገውም፣ ምንም ቢለኝ።

ስዊቱና ፓኮቹን አሁን እለፋቸው። አብዛኛው ቪዲዮ ለሚያጫውት፣ በእውነተኛ ማዞሪያና በሸክላ ለሚሠራ ወይም ብዙ ኢፌክት ለሚጠቀም ሰው ነው። ድምፃዊውን ከሙዚቃው የሚለየው ስቴምስ የሚሉት ነገር ደስ ይላል፤ ግን ጉልበት ያለው ላፕቶፕ ይፈልጋል። ላፕቶፕህ ካረጀ ከፈቃዱ በላይ ኮምፒውተር ያስገዛሃል።

የኛ ሙዚቃ ደግሞ የራሱ ባሕርይ አለው። ሶፍትዌሩ ቢት የሚቆጥረው በአብዛኛው እኩል አራት እየመታ ነው። ጭክጭካ በስድስት ስምንተኛ ይሄዳል፣ የድሮዎቹ የባንድ ቅጂዎች ደግሞ ያለ መለኪያ በቀጥታ የተቀዱ ናቸው። መሃል ላይ ይፈጥናሉ፣ መጨረሻ ላይ ይዘገያሉ። የሁለት ዘፈን ፍጥነት በራሱ የሚያስተካክለውን ሲንክ ተጭነህ ሁለት ዘፈን አብረህ ብትለቅ ሃያ ሰከንድ ሳይሞላ ይጋጫሉ። ይሄ ፕሮም ገዝተህ አይቀርልህም፣ በጆሮህ ነው የምታስተካክለው። ስለዚህ «ፕሮ ካልገዛሁ ሰርጉን አልችልም» ብለህ አትጨነቅ። ላይት ላይ አራት ኪው (ዘፈኑ ላይ የምታደርገው የመነሻ ምልክት) አለህ፣ ፕሮ ላይ ስምንት። ለሰርግ አራቱ ይበቃሃል። የመግቢያውን፣ የኬኩንና የእስክስታውን ዘፈን መነሻ ላይ ምልክት አድርግ።

የሚጎድልህ መቅጃው ነው። ሰርጉን የሚቀርጸው ሰው ከሚክሰርህ ድምፅ በገመድ ይወስዳል፤ ከእሱ ቅጂ ትለምናለህ። ቤት ስትለማመድ ራስህን ለመስማት ደግሞ ሚክስክስ የሚባለውን ጫን። ከ2001 ጀምሮ ያለ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ፣ ሙሉ በሙሉ ነጻ ፕሮግራም ነው። ኤስቢ3ን ያውቀዋል፣ ይቀዳልም። መልኩ እንደ ሴራቶ አያምርም፣ ግን የተደበቀ ሂሳብ የለውም። ቨርቹዋል ዲጄን ከመረጥክ አንድ ነገር አስተውል። ነጻው ለቤት ነው፣ ኮንትሮለር ሲሰካበት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚያሠራህ። ርካሹ የቤት ፈቃድ ኮንትሮለርህን ይከፍትልሃል፣ ነገር ግን ገንዘብ እየተቀበልክ እንድትሠራበት አይፈቅድም። ለሥራ ፕሮው ነው። ክራክ የሚሉትን፣ ያለ ክፍያ እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ ሶፍትዌር፣ በጭራሽ አትንካ። ቫይረስ ይዞ የመጣ ክራክ የዘፈን ማህደሩን በሙሉ ያጠፋበት ዲጄ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስትሪሚንጉን ለሰርግ አልመክርህም። አገልግሎቶቹ ፈቃድ የሚሰጡህ በአብዛኛው ለግል መስሚያ ነው። ሕጉንም እንደፈለጉ ይቀይሩታል። ስፖቲፋይ በፈረንጅ ጁላይ 1 ቀን 2020 ከዲጄ ሶፍትዌሮች ሲወጣ ስንት ሰው ያዘጋጀው ዝርዝር ባዶ ቀረ፤ በ2025 ሲመለስም ለግል ጥቅም ብቻ ብሎ ነው። ታይዳል የሚባለው የስትሪሚንግ አገልግሎት ደግሞ ከ2024 ጀምሮ ለዲጄ ሶፍትዌር የራሱ ተጨማሪ ክፍያ አለው። ሶፍትዌሩ ላይ ካየኸው ዋጋ ላይ ይሄንንም ደምር። ከስትሪሚንግ የመጣ ዘፈን መቅዳትም አይፈቀድልህም። በዚያ ላይ የኛ ዘፈን እዚያ ሲፈለግ አንዱ ስም በአምስት ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ ነው የሚገኘው፣ ወይም ጭራሽ የለም። ዘፈኖቹን ግዛ፣ ፋይሉን ላፕቶፑ ላይና አንድ ፍላሽ ላይ አስቀምጥ።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ይሄን ለምታነቡ አንድ ቃል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ በዶላር የሚቆረጥ ወርሃዊ ክፍያ በብር ስንት እንደሚሆን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የውጭ ክፍያ የሚቀበል ካርድ ማግኘቱም ራሱ ሥራ ነው። ስለዚህ ስትገዙ ፈቃዱ ማሽኑ ውስጥ ያለውን ምረጡ፤ ትንሽ ቢወደድም።

ለአንተ እንግዲህ እንዲህ ነው የምልህ። ይሄን ወር ላይት ላይ ተለማመድ። መቅጃ የግድ ካስፈለገህ ለሰርጉ ወር ብቻ የፕሮን ወርሃዊ ክፈል፣ ከሰርጉ ሁለት ሳምንት ቀድመህ። ከዚያ በኋላ ሥራ በየወሩ መምጣት ከጀመረ አንዴ ተከፍሎ የሚያልቀውን ሂሳብ አስላ።

ከሰርጉ በፊት ባለው እሁድ ደግሞ ላፕቶፑን አጥፍተህ አብራው፣ ዋይፋዩን ዝጋ፣ ማሽኑን ሰካና ሁለት ሰዓት ሙሉ አጫውት። መሃል ላይ የዩኤስቢውን ገመድ ነቅለህ መልሰህ ሰካው። የሚጠይቅህ ነገር ካለ እዚያው ቤትህ ሶፋ ላይ ይጠይቅህ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ በማግስቱ እመልስልሃለሁ።