ሌሊትሽን መልሰሽ ውሰጂ

ይህች ደብዳቤ የመጣችው ከሴንዳይ ነው፤ ሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ካለችው ከተማ። ጸሐፊዋ የ27 ዓመት ወጣት ናት። በጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ የሲቪል ምህንድስና ማስተርሷን እየሠራች ነው፤ የምታጠናው የኮንክሪት ድልድዮችን እርጅና ነው። በመጪው ማርች ትመረቃለች። ደብዳቤዋን አሳጥሬ አቀርበዋለሁ፦

«ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጃፓንኛዬ ከሰላምታና ከሱፐርማርኬት አያልፍም። በሳምንት አራት ሌሊት ቤንቶ፣ ማለትም በሳጥን የሚሸጥ የተዘጋጀ ምግብ፣ የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ከዚያ ላይ በየወሩ 80 ሺህ የን አዲስ አበባ እልካለሁ፤ ለእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ለአስቤዛ፣ የቀረው ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ለሚሠሩት ሰርቪስ ቤቶች። ግንባታውን የሚከታተለው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ለዚሁ ብሎ ሥራውን ለቋል። አሁን እዚህ የዝናቡ ወቅት ነው። ልብስ አይደርቅም፤ ጫማዬ ሻግቷል። አጂሳይ የሚሉት ሰማያዊ አበባ በየመንገዱ ፈክቷል፤ እኔ የማየው ግን ሲነጋጋ ከፋብሪካ ስመለስ ብቻ ነው። የቼሪ አበባ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄደ፤ አንዴም ሥሩ አልተቀመጥኩም። ሥራ ልፈልግ? ዶክትሬት ልቀጥል? ወይስ ካናዳ ያለችው የአክስቴ ልጅ እንደምትለኝ እዚያ ልሂድ? ጓደኛዬ ደግሞ በእጅ የሚከፍል ሁለተኛ ሥራ አግኝቼልሻለሁ ትለኛለች። ሀገሩ ነው የከበደኝ ወይስ እኔ ነኝ የደከምኩት?»

እህቴ፣ ሀገሩ ይከብዳል፤ አልክድሽም። ጠዋት 12 ሰዓት ወጥታ ማታ 12 ሰዓት የምትገባ ፀሐይ ለለመደ ሰው ሴንዳይ ግራ ያጋባል። በሰኔ ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ይነጋል። በታኅሣሥ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ፀሐይዋ ጠልቃለች። ብርዱ ሲገባ ቤት ውስጥም ጃኬት አይወልቅም። ነሐሴ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ከእርጥበቱ ጋር ተደምሮ ትንፋሽ ያሳጥራል። ይህ ሁሉ ግን እዚያ ያለ የውጭ ተማሪ ሁሉ የሚኖረው ኑሮ ነው፤ ብዙዎቹም እየቆዩ ይወዱታል። አንቺ ወቅቶቹን ተኝተሽ ነው የምታሳልፊያቸው። እነሱ አበባውን በቀን ያያሉ።

ሂሳቡን እንየው። አራት ሌሊት፣ በየሌሊቱ ሰባት ሰዓት ከሆነ ለተማሪ የተፈቀደው የሳምንት 28 ሰዓት እዚያው አለቀ። ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት 25 በመቶ ጭማሪ በሕግ ስለሚከፈል የሌሊት ሥራ ያጓጓል፤ ይገባኛል። ግን ከሥራ ስትመለሺ ቀኑ የእንቅልፍ ነው። ላብራቶሪ የምትደርሺው ከሰዓት በኋላ፣ ሰዉ አብሮ ምሳ በልቶ፣ ተጫውቶ፣ ወደየጠረጴዛው ከተመለሰ በኋላ ይመስለኛል። ፋብሪካው ደግሞ ቋንቋ አያስተምርም። አፍሽ ላይ ማስክ፣ ፀጉርሽ ላይ መረብ፣ ከፊትሽ የማይቆም መስመር። ማን ከማን ያወራል? ሁለት ዓመት ኖረሽ ጃፓንኛሽ ከሱፐርማርኬት ባያልፍ አልገረመኝም። የምትሰሚበት ሰዓት የለሽም።

ስለ ሥራ ፍለጋው ልንገርሽ። ጃፓን ውስጥ ቅጥርም ወቅት አለው። የትምህርቱም የበጀቱም ዓመት የሚጀምረው በኤፕሪል ስለሆነ አዲስ ምሩቃን በጅምላ ሥራ የሚገቡት ኤፕሪል 1 ነው። መንግሥት ባወጣው መርሐ ግብር መሠረት ኩባንያዎች ራሳቸውን ማስተዋወቅ የሚጀምሩት ከምረቃው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በማርች ነው፤ ቃለ መጠይቁ በጁን ይጀምራል፤ ኦክቶበር 1 ላይ የቅጥር ውሳኔያቸውን በይፋ ያሳውቃሉ። ብዙዎቹ ደግሞ ከዚህም ይቀድማሉ። ስለዚህ አንቺ አሁን በዝናቡ ስትጽፊልኝ ስመ ጥሮቹ ኩባንያዎች አብዛኛውን ቦታ ሞልተዋል። ልብሽ አይውደቅ። መካከለኛና ትንንሾቹ እስከ ብርዱ ድረስ ሰው ይፈልጋሉ፤ ለአንቺም የሚበጁት እነሱ ናቸው ባይ ነኝ። እኔ ሥራ የጀመርኩት ሀማማትሱ ከተማ ውስጥ ስሙን ሰፈሩ ብቻ በሚያውቀው የመለዋወጫ ፋብሪካ ነው። የወሰዱኝ ማሽን ላይ ከቆሙት ሠራተኞች ጋር በቋንቋቸው መነጋገር ስለቻልኩ ነበር። ትልቅ ኩባንያ ውስጥ በእንግሊዝኛ አንድ ጥግ ከምትቀመጪ፣ ትንሹ ውስጥ ሁሉን ነገር እየነካሽ ብታድጊ እመርጣለሁ።

ደግሞ የያዝሽው ሙያ! በዲሴምበር 2012 ጃፓን ውስጥ የሳሳጎ የአውራ ጎዳና ዋሻ ጣሪያ ተደርምሶ ዘጠኝ ሰው ሞተ። ከ2014 ጀምሮ በሀገሪቱ ያለ የመንገድ ድልድይና ዋሻ ሁሉ በየአምስት ዓመቱ ባለሙያ ቀርቦ በዓይኑ እንዲመረምረው ግዴታ ሆነ። ጃፓን ከ700 ሺህ በላይ ድልድዮች አሏት። እጅግ ብዙዎቹ ኢኮኖሚው በፍጥነት ባደገበት ዘመን የተሠሩ ናቸው፤ 50 ዓመት ሞልቷቸዋል ወይም ሊሞላቸው ነው። አንቺ ባለሽበት በሰሜን ምሥራቁ ክፍል፣ በቶሆኩ፣ ደግሞ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ብረቱን ይበላዋል፤ ስንጥቅ ውስጥ የገባው ውሃ ሌሊት እየረጋ ቀን እየሟሟ ኮንክሪቱን ይፈነቅለዋል። ድልድዩ ያረጃል፣ መርማሪውም ያረጃል፣ ወጣቱ እያነሰ ነው። አንቺ የምታጠኚው ይህንኑ ነው፤ ያለሽውም እዚያው ነው። ወደፊት ሀገር ቤት ብትመለሺም አይባክንም። በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ እንደ ፈረንጆቹ በ2008 የተከፈተው የአባይ በረሃው የህዳሴ ድልድይም የሚመረምረው፣ የሚንከባከበው ሰው ይፈልጋል።

ችግሩ አንድ ነው። ይህ ሥራ በጃፓንኛ ነው የሚሠራው። አብዛኛው ድልድይ የከተማና የመንደር አስተዳደሮች ንብረት ስለሆነ ሪፖርቱ የሚጻፈው ለእነሱ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ በእንግሊዝኛ አያናግርሽም። የቋንቋው ፈተና በጁላይና በዲሴምበር ይሰጣል። የጁላዩ አልፎሻል። ለዲሴምበሩ ኤን 3 በሚባለው መካከለኛ ደረጃ ላይ ተመዝገቢ፤ ምዝገባው ዝናቡና ሙቀቱ ሲያልቅ አካባቢ ስለሚዘጋ አትዘናጊ። በሚቀጥለው ጁላይ ከእሱ አንድ ደረጃ ከፍ የሚለውን ኤን 2 ትፈተኛለሽ፤ ብዙ ቀጣሪ የሚጠይቀው እሱን ነው። እስከ ማርች ሥራ ባታገኚ ዩኒቨርሲቲሽ የድጋፍ ደብዳቤ ከጻፈልሽ ሥራ ለመፈለጊያ የስድስት ወር ቪዛ ይሰጥሻል፤ አንዴ ሊታደስም ይችላል። ዩኒቨርሲቲው ያንን ደብዳቤ የሚጽፈው ግን ቀድሞውኑ ስትፈልግ ለቆየች ተማሪ ነው። ስለዚህ የሥራ መምሪያ ቢሮውን በዚህ ሳምንት እወቂያቸው፤ እነሱም ይወቁሽ።

ወቅቶቹን እንዳትንቂያቸው። ደብዳቤሽ ላይ ስለ አበባውና ስለ ዝናቡ የጻፍሽውን እንደ ብሶት ነው የቆጠርሽው። እኔ ግን ካነበብኩት ሁሉ ለሥራ ፍለጋሽ የሚጠቅመው እሱ ነው እላለሁ። ጃፓን ውስጥ ወግ የጠበቀ ደብዳቤ የሚከፈተው በወቅቱ ሰላምታ ነው። አሳንሰር ውስጥ፣ ከስብሰባ በፊት፣ ከደንበኛ ጋር ወሬ የሚጀመረው ከዚያው ነው፤ ቼሪው የት ደርሷል፣ ሙቀቱ መቼ ነው የሚሰበረው፣ የተራራው ቅጠል ቀላ ወይ። ተኝቶ ያሳለፈው ሰው ምን ይመልሳል?

በመኸሩ የሴንዳይ ሰው ሂሮሴ ወንዝ ዳር ወጥቶ እሳት ያነድና ኢሞኒ ይሠራል፤ ሥራ ሥር የገባበት ሾርባ ነው። ላብራቶሪሽም ማዘጋጀቱ አይቀርም። ከሥራ ጋር ስለሚጋጭ ቀርተሽ ታውቂ ይሆናል፤ ዘንድሮ እንዳትቀሪ። የሴንዳዩ የአሳማ ሥጋና ሚሶ የሚባል የአኩሪ አተር ሊጥ አለበት። ቀድመሽ «አሳማ አልበላም» በያቸው። ጎረቤቷ ያማጋታ በበሬ ሥጋና በአኩሪ አተር ሶስ ነው የምትሠራው፤ አንድ ድስት እንደዚያ ቢያደርጉልሽ ማንም አይከብደውም። እንዲያውም የትኛው ይጣፍጣል የሚለው የሁለቱ ከተሞች ክርክር ራሱ የግማሽ ቀን ወሬ ነው። እንዲህ ባለው ቀን ከላብራቶሪው ተመርቀው በአማካሪ መሐንዲስ ድርጅቶች የሚሠሩ የቀድሞ ተማሪዎች ይመጣሉ። ምህንድስና ላይ የፕሮፌሰር ድጋፍ ትልቅ በር ይከፍታል። ፕሮፌሰሩ ደግሞ ስሟን በወረቀት ላይ ብቻ ለሚያውቃት ተማሪ አፉን ሞልቶ አይናገርም። ጃንዋሪ 7 ገና ነው፤ በዚያው ቀን ጃፓኖች ሰባት ዓይነት ቅጠል የገባበት ለስላሳ የሩዝ ገንፎ ይበላሉ። በርበሬውን ቀነስ አድርገሽ ዶሮ ወጥሽን ይዘሽላቸው ሂጂ።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። እዚህ ላይ ቆጣ እላለሁ፣ ታገሺኝ። የእናትሽ መድኃኒት አይነካም። አስቤዛውም አይነካም። ሰርቪስ ቤቶቹ ግን ይቁሙ። የተጀመረ ግድግዳ አንድ ዓመት ሊጠብቅ ይችላል። ይህ የመጨረሻ የትምህርት ዓመትሽ ግን አይጠብቅም። ታላቅ ወንድምሽ ጤነኛ ጎልማሳ ነው። እህቱ ሌሊት ቆማ ሩዝ ስታሽግ እሱ ሲሚንቶ ለመረከብ ብሎ ሥራውን ለቀቀ። ቤተሰቡ ውስጥ ደፍሮ የሚናገር ከሌለ እኔ ልናገረው፦ ልክ አይደለም። ቤቶቹ አልቀው ሲከራዩ ኪራዩ ማን እጅ ነው የሚገባው? ግቢው በማን ስም ነው? የላክሽው ገንዘብ የት የት እንደገባ የተጻፈ ነገር አለ? ጠይቂ። የራስን ላብ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሌላም ነገር አለ። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ሳይውል ሳያድር ከ100 አለፈ፣ አሁንም አልተመለሰም። ኑሮውም አብሮ ተወዷል፣ ብረቱም ሲሚንቶውም፤ አውቃለሁ። ቢሆንም አንቺ የምትልኪው የን ቤት ሲደርስ ብዙ ብር ሆኖ ሳለ የሚጠየቀው የን አንድም ቀን ያልቀነሰው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ለወንድምሽ አቅርቢ፤ እናትሽን አታስጨንቂያት።

ለእናትሽ ግን ደውዪላት፤ በጽሑፍ አይሁን። ሌሊት እንደምትሠሪ ታውቃለች? ደብዳቤሽ ላይ አላየሁም። ንገሪያት። «እማዬ፣ እስከ ማርች 30 ሺህ የን ነው የምልክልሽ፤ መድኃኒትሽና አስቤዛሽ ነው። ቀን ልማር፣ ሌሊት ልተኛ» በያት። እኔ እስከማውቀው ድረስ ብዙ እናቶች ይህን ሲሰሙ የሚያለቅሱት ገንዘቡ ስለቀነሰ ሳይሆን እስከዛሬ ስላልነገርሻቸው ነው።

ይቻላል ወይ ካልሽ፣ ይቻላል። ስኮላርሺፕሽ በወር 144 ሺህ የን አካባቢ ነው። ሌሊቱን ትተሽ ቅዳሜና እሁድ፣ ሁለቱ ቀን ተደምሮ አሥር አሥራ ሁለት ሰዓት የሚሆን የቀን ሥራ ፈልጊ። ሰው የሚያናግርሽ ቦታ ይሁን፤ ካፌ፣ ኮንቪኒ የሚሉት የሰፈር ሱቅ፣ የመጽሐፍ መደብር። በሰዓት አንድ ሺህ የን ገደማ ቢከፈልሽ የምትልኪው ከዚያ ይወጣል። ለማስተርስ ምሩቅ የጀማሪ ደመወዝ በብዙ ቦታ 250 ሺህ የን አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ሥራ ስትይዢ ሌሊት ተኝተሽ አድረሽ ዛሬ ከምትልኪው ብዙም የማያንስ መላክ ትችያለሽ።

ስለቀሩት ጥያቄዎችሽ ባጭሩ። ዶክትሬትን ምርምሩ ራሱ ከሳበሽ ቀጥይ፤ ከብርድና ከቃለ መጠይቅ ለመደበቅ ከሆነ ሦስት ዓመት ረጅም ነው። ካናዳን የሥራ ልምድ ይዘሽ ብታስቢበት ይሻልሻል፤ አሁን ብትሄጂ እንደገና ከዜሮ ነው።

የጓደኛሽን ሁለተኛ ሥራ ግን ዛሬውኑ አይሆንም በያት። በትምህርት ወቅት በሳምንት ከ28 ሰዓት ያለፈች እያንዳንዷ ሰዓት ሕግ መጣስ ናት። የተማሪ ቪዛሽን ወደ ሥራ ቪዛ ስትቀይሪ ኢሚግሬሽን የግብር ማስረጃ ሊያይ ይችላል፤ በእጅ የተከፈለም ቀጣሪው ካስመዘገበው እዚያ ላይ ይወጣል። ለጥቂት ሺህ የን ብለሽ ስኮላርሺፕሽንም ቪዛሽንም አታስይዢ። ፋብሪካውንም ዝም ብለሽ አትጥፊበት። ቢያንስ ከሁለት ሳምንት፣ ከቻልሽ ከአንድ ወር በፊት ለአለቃሽ ንገሪው፤ የሚቀጥለው ወር ፈረቃ ከመውጣቱ በፊት ቢሆን ደግ ነው።