ጃንዋሪ ላይ ቤቱ ጭር ሲል፣ ሬስቶራንት ለከፈታችሁ ወገኖቼ

ሰላም ወገኖች፣ ይሄን የምጽፈው እዚህ አሜሪካ በተለይ ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ሬስቶራንት ወይ እንጀራ ቤት ከፍታችሁ የመጀመሪያ ዊንተራችሁን ለምታዩ ልጆች ነው። የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ ገበያው ቁልቁል ይሄዳል፣ የኛ ገናና ጥምቀት ትንሽ ሞቅ ያደርጉታል እንጂ እስከ ማርች ድረስ ማክሰኞ ማታ ሦስት ጠረጴዛ ይዞ መዋል የተለመደ ነው። አትደንግጡ፣ ምግባችሁ ስለተበላሸ አይደለም፣ ብርድ ነው፣ ሰው ደግሞ የዲሴምበር ክሬዲት ካርዱን እየከፈለ ነው።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ በዚህ ሰሞን ፈጣን ገንዘብ እንሰጣለን ከሚሉ ድርጅቶች የሚደወልላችሁን ስልክ እንዳትቀበሉ ነው። «ክሬዲት አናይም፣ ነገ ጠዋት 20 ሺህ ዶላር አካውንትህ ይገባል» ይላሉ። እኔ በሁለተኛው ዓመቴ ሬንት ጎድሎብኝ ፈረምኩ። ብድር አይሉትም፣ የወደፊት ሽያጭህን ገዛን ነው የሚሉት፣ ስለዚህ ወለድ የሚባል ቃል ወረቀቱ ላይ የለም፣ 1.35 የምትል ቁጥር ብቻ አለች። 20 ሺህን በሷ ስታባዙት 27 ሺህ ይመጣል፣ እሱን በስድስት ወር ውስጥ በየሥራ ቀኑ 214 ዶላር አካባቢ ከባንክ ይቆርጣሉ፣ ሰኞ ቤቱ ዝግ ቢሆንም ይቆረጣል፣ በረዶ ጥሎ አንድ ሰው ባይገባም ይቆረጣል። ኩኬን የምከፍለው አጥቼ ያለቀስኩበት ጊዜ ነው፣ እናንተ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ከዚያ ወዲህ መፍትሔ የሆነኝ ዕቁብ ነው። 12 ሆነን በወር አንድ አንድ ሺህ እንጥላለን፣ አንድ ዓመት እጣዬ ኦክቶበር ላይ ወጣና ለዳኛው ነግሬ ጃንዋሪ ከደረሰው ወንድማችን ጋር ተለዋወጥኩ፣ እሱም ደስ አለው እኔም ዊንተሩን በ12 ሺህ ዶላር ተሻገርኩ። ዕቁብተኛ ተግባብቶ ከተነጋገረ ይሄ ይቻላል፣ ብቻ ኦገስት ላይ ተነጋገሩ፣ ጃንዋሪ ገብቶ ሳይሆን።

ሌላው ታክስ ነው። ዲሲ ምግብ ላይ የምንሰበስበው 10 ፐርሰንት፣ ሜሪላንድ 6 ፐርሰንት የኛ ብር አይደለም፣ ሌላ አካውንት ክፈቱና ማታ ማታ እዚያ አስገቡት። ገበያ ሲቀዘቅዝ እጅ መጀመሪያ የሚዘረጋው ወደሱ ነው፣ በኋላ ቅጣትና ወለዱ ሲመጣ ግን ሽሮ ሸጦ የሚከፈል አይሆንም። የሠራተኞቻችሁ ደብልዩ ቱ (የዓመቱን ደመወዝና የተቆረጠውን ታክስ የሚያሳየው ወረቀት) ደግሞ እስከ ጃንዋሪ 31 መድረስ አለበት፣ አካውንታንቱ ጋ ቀድማችሁ ሂዱ።

አሁን ወደ ኪችን። ሰው በሌለበት ሰዓት ፍሪጁን እዩት እስቲ። አንድ ዶላር በሩ ላይ አድርጋችሁ ዝጉትና ሳቡት፣ ያለምንም ትግል ከወጣ ጎማው አልቋል ማለት ነው፣ ቅዝቃዜው ሌት ተቀን እየወጣ መብራት እየበላባችሁ ነው። ጎማው ሲቀየር ውድ አይደለም፣ ሞተሩ ሲቃጠል ግን ውድ ነው፣ እሱም ጁላይ ላይ ቤቱ ሞልቶ ሥጋ ጢም ብሎ እያለ ነው የሚቃጠለው። ከሥር ያለውን አቧራም በብሩሽ አውጡት። ሁድ ማስጠረጉንም ለዚህ ሰሞን አድርጉት፣ የቀይ ሽንኩርት ቁሌታችን ዘይት ጭስ ማውጫው ውስጥ ምን ያህል እንደሚጋገር አይታችሁት ከሆነ እሳት እንደሚያስነሳ ትረዳላችሁ።

እንጀራ የምትጋግሩ ደግሞ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ሊጡ ቶሎ አይቦካም፣ ቦታ ቀይሩለት፣ እርሾ ጨምሩ፣ ካልሆነ አንድ ቀን ቀድማችሁ አቡኩ። ሳይቦካ ቸኩላችሁ ጋግራችሁ ዓይን የሌለው እንጀራ ለደንበኛ አታቅርቡ፣ በዚህ ብርድ ከቤቱ ወጥቶ የመጣውን ሰው እንደዚያ መሸኘት ይከብዳል።

የጾም ምግባችንን ነገር በደንብ አስቡበት። ጃንዋሪ ላይ ብዙ ፈረንጅ ሥጋ እተዋለሁ ብሎ የሚወስንበት ወር ነው፣ እኛ ደግሞ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ፎሰሊያው ሁሌም አለን። በያይነቱን ቀን በመስኮት ብርሃን ፎቶ አንሱና ደሊቨሪ አፖቹ ላይ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ አድርጉት። ብቻ ዋጋውን አስሉት፣ ከ15 እስከ 30 ፐርሰንት ይወስዱባችኋል፣ አንዱ ጭልፋ ወጥ ስንት እንደሚያወጣ ሳታውቁ ብዙ መሸጥ ብዙ መክሰር ሊሆን ይችላል። ጭር ባለ ቀን ሚዛን አውጥታችሁ አንድ በያይነቱ ላይ የሚወጣውን ሁሉ መዝኑት፣ አንድ ከሰዓት ይበቃል። ወዲያው ደግሞ ዐቢይ ጾም ይገባል፣ 55 ቀን የኛ ሰው ክትፎና ጥብስ አያዝም፣ ስለዚህ ከቅበላው በኋላ ፍሪዘሩን በሥጋ አትሙሉት።

ሠራተኛን በተመለከተ፣ ሰዓት ከቀነሳችሁ ለሁሉም በእኩል ቀንሱ፣ ቀድማችሁም ንገሯቸው፣ ልጅ ያላት ዌይተር ሐሙስ ማታ «ነገ አትምጪ» ስትባል ሌላ ሥራ ትፈልጋለች፣ ሜይ ላይ ደግሞ የምትፈልጓት እናንተ ናችሁ።

ሜይ ስል፣ ምርቃት ያለው ያኔ ነው፣ ሰርጉም ሰመር ላይ ነው። እኔ ፌብሩዋሪ ላይ ከሰዓት ቁጭ ብዬ ያለፈውን ዓመት የኬተሪንግ ደብተር ገልጬ አንድ በአንድ እደውላለሁ። «እትዬ እንዴት ከረሙ፣ የልጅዎ ምርቃት ዘንድሮ አይደለም እንዴ?» ስላቸው ደስ ይላቸዋል፣ አንዳንዶቹ ያኔውኑ ቀን ያስይዙና ቀብድ ይልካሉ፣ በዚያች ቀብድ የማርችን ሬንት የከፈልኩበት ዓመት አለ።