መልስ፦ የ4 ዓመት ልጅ ግንባሩን ሲያመው ሳይነስ ሊሆን ይችላል?

ሰላም እህቴ። የ4 ዓመት ልጅሽ ግንባሬን አመመኝ ሲል ጎረቤትሽ «ሳይነስ ነው» አለችሽ፤ እውነት ይሆን ብለሽ ነው የጠየቅሽው። የግንባሩን ሳይነስ ማለቷ ከሆነ፣ በዚህ ዕድሜ ገና የለውም ማለት ይቻላል።

ሳይነስ በፊት አጥንት ውስጥ ያለ አየር የያዘ ክፍት ቦታ ነው። ልጅ ይዟቸው የሚወለደው የጉንጩንና በዓይኖቹ መካከል ያሉትን ትንንሾቹን ነው። የጉንጩም ቢሆን ያኔ ኢምንት ነው። የወተት ጥርስ ወልቆ ቋሚው ሲበቅል ወደ ታች እየሰፋ ይሄዳል። የግንባሩ ግን በራጅ መታየት የሚጀምረው ከ6 እስከ 8 ዓመት አካባቢ ነው፤ እድገቱም እስከ ጉርምስና መጨረሻ ይቀጥላል። ደግሞ የሁሉም ሰው አንድ አይደለም። የግራና የቀኙ መጠን ብዙ ጊዜ ይለያያል። ጭራሽ ሳይወጣለት የሚያረጅም አለ፣ ምንም አይጎድልበትም!

ስለዚህ ለሳይነስ ብሎ ግንባሩን ራጅ ማስነሳት ገንዘብ ማባከን ነው ባይ ነኝ። ራስ ምታቱ ከተደጋገመ ወይም ንፍጡ ከ10 ቀን በላይ ሳይሻለው ከቆየ ሐኪም ይየው። የዓይኑ ዙሪያ ካበጠ ወይም ከቀላ ግን እስኪነጋ አትጠብቂ፤ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።