አዲስ የፉትቦል ቡድን የሚጀምር ኮሌጅ ልጅሽን ሲጠራው

ሰላም እህቴ። ልጅሽ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል እንደሚጨርስ፣ በሚቀጥለው ዓመት የፉትቦል (ኳሱ በእጅ የሚያዘው የአሜሪካው ጨዋታ) ቡድን የሚጀምር ትንሽ የግል ኮሌጅ «ና፣ ከመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች አንዱ ሁን» ብሎ እንደጻፈለት፣ እሱም ካልሄድኩ ብሎ እንቅልፍ እንደነሳሽ ጽፈሻል። ይሂድ ወይስ ይቅር ነው ጥያቄሽ። በዚህ መንገድ ከልጄ ጋር ስላለፍኩ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አጣሪ። ኮሌጁ የጠራው ለልጅሽ ሊከፍልለት ነው፣ ወይስ ልጅሽ ለኮሌጁ እንዲከፍል? እኔ ይህን ሳልጠይቅ ነው የፈረምኩት።

የኛ ነገር የተጀመረው እዚሁ አትላንታ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 2010 ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የፉትቦል ጨዋታ ሲያደርግ፣ የሥራ ባልደረባዬ ሁለት ትኬት ሰጠኝና የስምንት ዓመት ልጄን ይዤ ጆርጂያ ዶም ስታዲየም ገባሁ። ከ30 ሺህ በላይ ሰው ነበር። ሾርተር የሚባለውን ቡድን 41 ለ 7 አሸነፉ። ልጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ስፖርት አላየም።

ያኔ ያልገባኝ ከጀርባው ያለው ወጪ ነው። ቡድኑ የታወጀው በ2008 ነው። ቢል ከሪን አሰልጣኝ አድርገው ቀጠሩ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ጨዋታ ሳይኖር ደሞዝ፣ ልብስና ሜዳ ይከፈል ነበር። ከዚህ ብዙውን የሸፈነው ተማሪው በየሴሚስተሩ የሚከፍለው የስፖርት ክፍያ ነው። በ2013 ወደ ላይኛው ደረጃ ሲወጡ 12 ጨዋታ ተጫውተው 12ቱንም ተሸነፉ። ትልቁን የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በገዛ ሜዳው 38 ለ 30 ያሸነፉት በ2019 ነው። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ተማሪ ያለው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እንኳ ይህን ያህል ጊዜ ወስዶበታል።

   

ትንሹ ኮሌጅ ሂሳቡ ሌላ ነው። ተማሪ እየቀነሰበት ነው፣ በተለይ ወንዱ። ፉትቦል ሲጀምር ከመቶ በላይ ወንድ ልጅ በአንድ ጊዜ ይመጣል። እያንዳንዱ ቲዩሽን (የትምህርት ክፍያ)፣ ዶርምና ምግብ ይከፍላል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ቁጭ ብለሽ ከጠየቅሻቸው ራሳቸውም ይነግሩሻል። ግን «ስኮላርሺፕ» የሚለውን ቃል እኛ የምንሰማበትና እነሱ የሚጠቀሙበት ይለያያል። ኮሌጁ ዲቪዥን ስሪ (በኮሌጅ ስፖርት ሦስተኛው ደረጃ) ከሆነ ለስፖርት ብሎ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ጭራሽ የለም። ዲቪዥን ቱ (ሁለተኛው ደረጃ) ከሆነ ለፉትቦል ቢበዛ የ36 ሙሉ ስኮላርሺፕ ገንዘብ አለ፣ እሱም ለመቶ ልጅ ይከፋፈላል።

ለልጄም እንዲህ ካለ ትንሽ ኮሌጅ የመጣው ደብዳቤ ላይ ከታች በወፍራሙ የተጻፈ ትልቅ ድምር ነበር። ባለቤቴ እልል አለች። እኔም ለወንድሜ አዲስ አበባ ደውዬ ነገርኩት። ሂሳቡ በኦገስት ሲመጣ ነው ደብዳቤውን መስመር በመስመር ያነበብኩት። ድምሩ ውስጥ የውጤት ሽልማት አለ፣ ልጁ ካፌቴሪያ ሠርቶ የሚያገኘው ገንዘብ አለ፣ የፌዴራል ብድርም አለ። ብድሩን «እርዳታ» ብለው ደምረውታል። የቀረውን ፓረንት ፕላስ በሚባለው የወላጆች ብድር በስሜ ወሰድኩ። ልጁ ተመርቆ ሥራ ይዟል፣ እኔ ግን አሁንም በየወሩ እከፍላለሁ።

ሜዳውስ? የመጀመሪያው ዓመት ልምምድ ብቻ ነበር። ጨዋታ ሲጀመር ደግሞ ቡድኑ በሙሉ የ18 እና የ19 ዓመት ልጅ ነው። ከፊታቸው የሚቆመው የ22 ዓመት ጎረምሳ ነው፣ አራት ዓመት ብረት ሲያነሳ የኖረ። ልጄ ከፊት መስመር ቆሞ የሚጋፋ ተጫዋች ስለነበር ዱላው ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። በሁለተኛው ዓመት ትከሻው ወጣ። ኢንሹራንስ አለን ብለውኝ ነበር፤ የነሱ ኢንሹራንስ የሚከፍለው ግን የቤተሰቡ ከከፈለ በኋላ ነው። ዲዳክቲብሉ (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚከፈለው) በእኛ ላይ ወደቀ። ይህን ሳትጠይቂ እንዳትፈርሚ፣ እባክሽ።

ጥሩውንም ልንገርሽ። የኦገስቱ ካምፕ ከፍልሰታ ጾም ጋር ይገጥማል። ልጄ ደግሞ ጾሙን አይገድፍም። በቀን ሁለቴ ይለማመዳል፣ ኪሎው እየወረደ ሄደ። እናቱ ሽሮና ምስር እያሸገች በየሳምንቱ ሦስት ሰዓት እየነዳን እንወስድለት ነበር። አሰልጣኙ ጠርቶት ምን እንደሆነ ጠየቀው፣ ሰማው፣ ከዚያ ካፌቴሪያው ባቄላና ሩዝ በትልቅ ሳህን ለብቻው እንዲያዘጋጅለት አደረገ። ሁለት ጓደኞቹ ከሱ ጋር ምስር መብላት ለመዱ። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ቢሆን ይህን ያህል የሚያየው ሰው ማግኘቱን እጠራጠራለሁ። ያ ቁጥሩ ያለበት ማሊያ እስከ ዛሬ ሳሎናችን ተሰቅሏል። ትምህርቱንም ጨርሷል። ስለዚህ አይሂድ አልልሽም።

አንድ ሌላ ነገር። አዲስ ቡድን ሊዘጋም ይችላል። ፍሎሪዳ ያለው ጃክሰንቪል ዩኒቨርሲቲ በ1998 ጀምሮ ከ2019 የውድድር ዘመን በኋላ ፉትቦሉን አቁሟል። ቡድኑ ቢዘጋ፣ ልጁ ቢጎዳ ወይም በራሱ ቢተወው የተሰጠው ገንዘብ ይቀጥላል ወይ ብለሽ ጠይቂ። መልሱን በአፍ ሳይሆን በኢሜይል ተቀበይ። ልጅሽ ሊማር የሚፈልገው ትምህርት እዚያ መኖሩንም እይ። የኔ ልጅ ኢንጂነሪንግ ነበር የሚፈልገው፣ ኮሌጁ አልነበረውም፣ ቢዝነስ ተማረ።

አሁን የምታደርጊው ይሄ ነው። አሰልጣኙን ሳይሆን የፋይናንሻል ኤይድ (የገንዘብ እርዳታ) ቢሮው ደውዪ። «ብድሩንና የሥራውን ገንዘብ ከእርዳታው ውስጥ አውጥታችሁ፣ በዓመት ከኪሳችን የሚወጣውን ብቻ ንገሩኝ» በያቸው። ያንን ቁጥር በአራት አባዢው። ከዚያ በግዛትሽ ያለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚጠይቅሽ ጋር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጪው፣ ልጅሽም አብሮሽ ይይ። ከፈለግሽ የልጁንና የኮሌጁን ስም ሸፍነሽ ደብዳቤውን እዚህ ለጥፊው። እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ መስመር በመስመር አብረን እናየዋለን።